የሴይፓቲ ቃለ መሐላ

«ጥፍርሽን ተዪው።»

ሴይፓቲ ጣቷን ከአፏ አወጣች። ደቂቃ ሳይሞላ መልሳ ከተተችው።

«አንቺ ልጅ!»

«እሺ፣ ራክጋዲ። እሺ አልኩ።»

ራክጋዲ የአባቷ እህት ናት። የራሷ ስም አላት፤ ግን በሰፈሩ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ራክጋዲ፣ «አክስቴ» እያለ ነው የሚጠራት። ወረቀቶቹን በላስቲክ ማህደር አድርጋ ደረቷ ላይ ለጥፋቸዋለች፤ ሌባ ያሰጋት ይመስል። ያሉት ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ቦትሻቤሎ ከተማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ የሚሰለፈው ሰው እጁ ላይ ካቴና ሳይሆን ፎቶኮፒ ነው ያለው። ለሥራ ኮፒ፣ ለትምህርት ኮፒ፣ ለቀብር ኮፒ። የፖሊስ ማህተም ያላረፈበት ኮፒ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ከፊታቸው ስድስት ሰው አለ። የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። አሁን አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ሴይፓቲ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ አንብባ ጨርሳለች። ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ላም ጠፍታለች፤ ባለቤቷ ሰውዬ ማስታወቂያው ሥር ቆመዋል። የጣሪያው ማራገቢያ በየሰባት ዙሩ አንዴ ቀጭ ይላል። ከኋላዋ የቆመው ጎረምሳ የግራ ጫማው ክር ከቀኙ ይለያል። ይሄን ሁሉ ታውቃለች። ራክጋዲ ላለፉት አምስት ደቂቃዎች ምን ስትላት እንደነበር ግን አታውቅም።

«ሰማሽኝ?»

«አዎ።»

«ምን አልኩሽ?»

ሴይፓቲ ጣቷን እንደገና ወደ አፏ ወሰደች።

«ሳጅኑ ሲጠይቅሽ አዎ፣ የለም፣ አዎ ትያለሽ አልኩሽ። አዎ፣ የለም፣ አዎ። ሦስት ቃል ናት። እሷንም እንዳትጥያት።»

«ምንድነው የሚጠይቀኝ? ኮፒ ልናስመታ አይደል እንዴ የመጣነው?»

ራክጋዲ ግራ ቀኟን አየች። ከማህደሩ ውስጥ አንድ ወረቀት በግማሽ ሳብ አድርጋ አሳየቻት። በኮምፒውተር ተጽፏል። ሴይፓቲ ከእጇ ላይ ነጥቃ ሙሉውን አወጣችው።

«እኔ ሴይፓቲ ሞሆሎ፣ በአሥራ አንደኛ ክፍል ያመጣሁት ውጤት ዝቅ ያለው በዚያው ዓመት አያቴን በሞት በማጣቴ በደረሰብኝ ከባድ ሐዘን ምክንያት መሆኑን፣ ከዚያ ውጭ ምንም ዓይነት የጤና ችግር የሌለብኝ መሆኑን በመሐላ አረጋግጣለሁ።»

ሁለቴ አነበበችው። ሁለተኛውን ጊዜ ፊደል በፊደል።

«ማነው ይሄን የጻፈው?»

«ኮፒ ቤት ያለው ልጅ።»

«ማነው ያጻፈው?»

«ቀስ በይ። ሰው አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴይፓቲ በአሥራ አንደኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ከሒሳብ ሠላሳ አራት፣ ከፊዚክስ ሠላሳ አንድ አመጣች። ዘንድሮ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል አጋማሽ ስልሳ ሦስትና ሃምሳ ዘጠኝ አመጣች። ዩኒቨርሲቲው ሁለቱንም ውጤት አምጡ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ምን እንደሚል ይታወቃል። የክፍሏ ልጆች አስቀድመው ብለውታል።

በመሃል የተፈጠረው ነገር ኤዲኤችዲ የሚሉት የትኩረት ችግር ነው። ማለት፣ እሱማ ድሮም ነበር፤ በመሃል የተፈጠረው ስሙ ነው። ጥር ላይ ክሊኒክ ሄደች፣ ሐኪሟ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቀቻት፣ ትኩረቷ ለምን እንደ ዶሮ ጫጩት እንደሚበታተን ነገረቻት። በየጠዋቱ የምትውጠው ክኒን ሰጠቻት። ለትምህርት ቤቱም ደብዳቤ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ሴይፓቲ ፈተና የምትፈተነው ለብቻዋ በመጻሕፍት መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ በየሰዓቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጨመርላታል።

ስልሳ ሦስት ያመጣች ቀን ጓደኛዋ ፓሌሳ በክፍሉ ፊት ቆማ ጠየቀቻት፦

«ንገሪን እንጂ! ብቻሽን ተቀምጠሽ ከማን ኮረጅሽ? ከግድግዳው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፓሌሳ ቀልዷን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሴይፓቲን ግድግዳ እያሉ ነው የሚጠሯት።

ያ የሐኪሟ ደብዳቤ አሁን ማህደሩ ውስጥ አለ፤ ከሁሉም ሥር፣ አራት ቦታ ታጥፎ። ራክጋዲ ነች ያጠፈችው።

«ራክጋዲ፣ ይሄ ውሸት ነው።»

«ምኑ ነው ውሸቱ? እናቴ አልሞተችም? እኔ ነኝ የቀበርኳት ወይስ ሌላ ሰው?»

«ሞታለች። ግን በሷ ምክንያት አይደለም የወደቅኩት።»

«አላለቀስሽም?»

«አልቅሻለሁ!»

«በቃ። አለቀስሽ፣ ወደቅሽ። ማን ገብቶ ይለካዋል?» ድምፇን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። የምታመለክቺው ለአምቡላንስ ትምህርት ነው። አምቡላንስ! ለሃያ አምስት ቦታ ስድስት መቶ ሰው ነው የሚያመለክተው። እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ ወለል ባጸዳም ጆሮ አለኝ። ልቧ የትም የሚሄድባት ልጅ ናት የሚል ወረቀት ፊታቸው ካስቀመጥሽ ማነው መርፌ የሚያስጨብጥሽ? እስቲ ንገሪኝ። ማነው?»

ይሄኛው ጥያቄ ሴይፓቲን ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቷታል። ማመልከቻው ላይ አሥራ አራተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ በትምህርትዎ ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድር የጤና ሁኔታ ወይም ጉዳት አለብዎ? አዎ። የለም። ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች።

የትምህርት ቤቷን አማካሪ ንታቴ ታባኔን ጠይቃቸው ነበር፤ ትልቅ ወንድ ሁሉ በአክብሮት ንታቴ ነው የሚባለው። እሳቸው ነገር አያሽሞነሙኑም።

«መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም» አሏት። «ባዶ ትተሽው ማለፍ ትችያለሽ። ከገባሽ በኋላ ሄደሽ ተጨማሪ ሰዓት መጠየቅም ትችያለሽ። አዎ ብትይ በዚህ ምክንያት ሊጥሉሽ አይችሉም፤ ሕግ አለ። ሕጉን የሚያስፈጽሙት ግን ሰዎች ናቸው። ሰው ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

«እርስዎ ቢሆኑስ?»

«እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እኔን አትጠይቂኝ።»

ወረፋው ተንቀሳቀሰ። አራት ሰው ቀረ።

ራክጋዲ ክንዷን ያዘቻት። አሁን አልተቆጣችም፤ ያ ነው የከፋው።

«አባትሽ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር» አለች። «አንዲት አስተማሪ ወረቀት ላይ ዘገምተኛ ብላ ጻፈች። አንዲት ቃል። መጥረጊያ ማሰር ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ላኩት። መኪና ፈትቶ የሚገጥም ልጅ ነበር እኮ! ሃያ ዓመት ሲሞላው ማዕድን ማውጫው ሊቀጠር ሄደ፤ ወረቀቷ ቀድማው ደርሳ ጠበቀችው። ይኸው ዛሬም ዌልኮም ከተማ ገበያ ፊት ለፊት የሰው መኪና ይጠብቃል። ሰው ነው የሚሞተው ልጄ። ወረቀት አይሞትም።»

ሴይፓቲ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። አባቷ መኪና እንደሚጠብቅ ታውቃለች። ለምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

ከኋላቸው ያለው የተለያየ ክር ያሰረው ጎረምሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ሳልፈልግ ሰምቼ ነው። ዘመዴ እንዲህ ሆኖ…»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም» አለና ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ሦስት ሰው። ሁለት ሰው። ሴይፓቲ በልቧ አዎ፣ የለም፣ አዎ እያለች ነበር። ቀላል ነው። ማንም አይጎዳም። ንኮኖ፣ አያቷ ማለት፣ ከመቃብር ተነስታ አትከሳትም።

ግን ንኮኖ ባለፈው ዓመት ከጥር እስከ ሐምሌ በየቀኑ ልብስ እያጠበች፣ ሴይፓቲን ግቢው ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ እያስሄደች፣ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጥያቄ ስትጠይቃት ነበር የከረመችው። ማንበብ በደንብ አትችልም ነበር። «ይቺ ኮከብ የመሰለችው ምንድናት?» ትላታለች። ሴይፓቲ እየተራመደች ትመልሳለች። ሲቀመጡ የማይገባው ሲራመዱ እንደሚገባ ከሐኪሟም በፊት ያወቀችው ንኮኖ ናት። እሷ ባትኖር ሠላሳ አንዱ አሥራ አንድ ይሆን ነበር። አሁን የወደቅኩት በሷ ነው ብላ ልትምል ነው።

«ቀጣይ!»

ሳጅኑ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ደርሷል። ኮፒውን ከዋናው ጋር ያስተያያል፣ ማህተሙን ቀለም ያስነክራል፣ ዷ ያደርጋል። መታወቂያ፣ ዷ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ውጤት፣ ዷ። የአሥራ ሁለተኛ፣ ዷ። ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

«ይሄስ?»

«ቃለ መሐላ ነው ንታቴ» አለች ራክጋዲ። «የሷ ነው።»

«አንቺ ነሽ ሴይፓቲ ሞሆሎ?»

«አዎ፣ ንታቴ።»

ሳጅኑ ፌርማታ እንደሚጠራ የታክሲ ረዳት ባለ ድምፅ ጀመረ። «እዚህ የተጻፈውን ታውቂዋለሽ፣ ገብቶሻል?»

«አዎ።»

«ለመማል የሚከለክልሽ ነገር አለ?»

ማህተሙ አየር ላይ ነበር።

«አለ» አለች ሴይፓቲ።

ማህተሙ ወረደ፤ ግን ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ። ሳጅኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ምን አልሽ?»

«አለ። የተጻፈው ውሸት ነው።»

«ንታቴ፣ ልጅቷ ሌሊቱን አልተኛችም፣ ይቅርታ ያድርጉልን…»

«ተኝቻለሁ።»

«ሴይፓቲ!»

ሳጅኑ መነጽሩን አወለቀ። «ሃያ ስድስት ዓመት ይሄን ጥያቄ ጠይቄያለሁ። አለ ብሎ የመለሰልኝ ሁለት ሰው ነው። አንዱ ሃይማኖቱ መሐላ ይከለክለዋል፤ አንዱ ጠጥቶ ነበር። አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«የትኛዋም አይደለሁም። አያቴ የሞተችው በሦስተኛው ሩብ ዓመት ነው። እኔ በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ወድቄያለሁ። በሕይወት እያለች፣ እየጮኸችብኝ! ኤዲኤችዲ አለብኝ። ደብዳቤው እዚያ ማህደር ውስጥ ነው፤ ከሥር። ሐዘን አይደለም። ስንፍናም አይደለም።»

እንዲህ ጮክ ብላ ልትናገር አላሰበችም። መቼም አስባ አታውቅም፤ አፏ ነው የሚቀድማት። ላም የጠፋባቸው ሰውዬ ሳይቀሩ ዞረው አዩዋት።

«አይዞሽ!» አለ ጎረምሳው ከኋላ።

ራክጋዲ ማህደሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ነጠላ ጫማዋ ወለሉን እየመታ ወጣች። ሴይፓቲ ያንን ድምፅ እስከ በሩ ድረስ ሰማችው።

ሳጅኑ በኮምፒውተር የተጻፈውን ወረቀት በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገው። «ይሄን እኔ አላትመውም። ባዶ ቅጽ ይኸውልሽ፣ እስክሪብቶ ይኸውልሽ። የምትምይው ነገር ካለ ጻፊ። ከሌለም ኮፒሽ አልቋል፤ ወረፋውን ልቀቂ።»

እውነቱን ነው። ኮፒዎቿ አልቀዋል። አሁን ሰብስባ ብትወጣ ውሸት አልማለች፣ እውነትም አልጻፈች። አሥራ አራተኛውን ባዶ መተው ትችላለች። ንታቴ ታባኔ ይቻላል ብለዋታል። ራክጋዲም ትታረቃታለች። ሠላሳ አራቱና ስልሳ ሦስቱ ብቻቸውን ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ያያቸው ሰው ደግሞ የፈለገውን ይላል። ግድግዳ ይላል።

ወደ ኋላ ዞራ አየች። አሥር ሰው ይሆናል።

«እኔ አልቸኩልም፣ እህቴ» አለ ጎረምሳው። «መንጃ ፈቃዴ ነው የጠፋው። ወዴት እነዳለሁ?»

እስክሪብቶውን አነሳች።

ሳጅኑ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ጠጋ አድርጓት ጎረምሳውን ጠራው። ሴይፓቲ ቆማ ጻፈች። አንድ ጊዜ ሰረዘች። ማራገቢያው ቀጭ ሲል አልሰማችም። ስትጨርስ የጻፈችው ይህ ነበር፦

«እኔ ሴይፓቲ ሞሆሎ፣ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት፣ ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ኤዲኤችዲ አለብኝ። በአሥራ አንደኛ ክፍል ማንም ስላላወቀ ወደቅኩ። አልሰነፍኩም። አሁን ታውቋል፤ መድኃኒትና ተጨማሪ ሰዓት አለኝ፤ ስለዚህ ውጤቴ አደገ። አልኮረጅኩም፣ አልሰነፍኩም። ባለፈው ዓመት አንዲት ማጉዊንያ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት የፈላ ዘይት እጇ ላይ ሲደፋባት ሰፈሩ ሁሉ ሲጮህ እኔ እጇን ቧንቧ ሥር ይዤ ሃያ ደቂቃ ቆሜያለሁ፤ የጥርስ ሳሙና ልቀባ ያለውን ሁሉ አባርሬያለሁ። ሰው ሲጮህ የኔ ጭንቅላት ጸጥ ይላል። አምቡላንስ ላይ መሥራት የምፈልገው ለዚህ ነው። አልሰነፍኩም።»

ሳጅኑ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«አልሰነፍኩም የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፈሽዋል።»

«ሰነፍ የተባልኩት ከሦስት ጊዜ ይበልጣል።»

ሳጅኑ ሊስቅ ቃጣውና ተወው። «እዚህ የተጻፈውን ታውቂዋለሽ፣ ገብቶሻል?» አሁን እንደ ረዳት አልነበረም። ዓይኗን እያየ ነው የጠየቀው።

«አዎ።»

«ለመማል የሚከለክልሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

«መሐላው ሕሊናሽን ያስረዋል?»

«ያስረዋል።»

ዷ።

የሐኪሟንም ደብዳቤ ከማህደሩ ሥር አወጣች። እጥፋቱን በመዳፏ ደጋግማ አሸች፤ አልተስተካከለም። ሳጅኑ ኮፒውን እንደዛው አተመላት።

ራክጋዲ ታክሲ ተራው ጋ ቆማ ነበር። ትታት አልሄደችም። ሴይፓቲ ወረቀቱን ዘረጋችላት። አልተቀበለቻትም፤ ግን ከእጇ ላይ አንገቷን አዘንብላ አነበበችው። ሁለት ታክሲ አለፋቸው።

«አሳፈርሽኝ» አለች በመጨረሻ። «እዚያ ሁሉ ሰው ፊት።»

«አውቃለሁ።»

«ካልተቀበሉሽስ?»

«ካልተቀበሉኝ አልተቀበሉኝም። በቀጣዩ ዓመት እሞክራለሁ።»

«አፍሽ ብቻ! አባትሽም እንዲህ ነበር የሚለው።»

«የአባቴን ወረቀት የጻፈችው አስተማሪዋ ናት ራክጋዲ። እሱን ማንም አልጠየቀውም። ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ራክጋዲ መንገዱን አየች። ሦስተኛው ታክሲ ሲመጣ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ታክሲው ትምህርት ቤቱ በር ላይ አወረዳቸው።

ንታቴ ታባኔ በዕረፍት ቀን ቢሮ በመክፈታቸው ደስተኛ አልነበሩም። ኮምፒውተሩን አሳይተዋት ሻይ ሊፈልጉ ወጡ። ሴይፓቲ ተቀመጠች። ራክጋዲ ከኋላዋ ቆመች።

ስም። አድራሻ። ውጤት። ግማሽ ላይ ስትደርስ መስኮቱ ላይ ያረፈ ወፍ ወሰዳት፤ ራክጋዲ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፤ ተመለሰች። ስምንት ሰዓት ሆኗል።

አሥራ አራተኛው ጥያቄ። አዎ የሚለውን ተጫነች። ከሥሩ አዲስ መስመር ተከፈተ፦ ከመቀበላችን በፊት ስለዚህ ጉዳይ ማንን እናነጋግር? ወላጅ፣ አሳዳጊ፣ ሐኪም፣ ራስዎ።

«የኔን ቁጥር ነው የምታስገቢው» አለች ራክጋዲ። «በሌላው ሁሉ የኔ ነው ያለው። ሲደውሉ አነጋገር አውቃለሁ።»

«አይ።»

«ምን አይ? ስትደነግጪ ያልሆነ ነገር ትቀባጥሪያለሽ እኮ!»

«እቀባጥራለሁ። ግን እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

ራስዎ የሚለውን ተጫነች። የራሷን ስልክ ቁጥር በፍጥነት ጻፈች፤ ሐሳቧን እንዳትቀይር። ላክ የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ቆይ» አለች ራክጋዲ።

«አልቀይረውም አልኩ!»

«ማን ቀይሪው አለሽ? ቁጥሩን ደግመሽ እዪው።»

ሴይፓቲ አየችው። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አቀያይራቸዋለች። ሴይፓቲ አጠፋቻቸው፣ አስተካክላ ጻፈቻቸው፣ አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበቻቸው፣ ላከችው።